ኤክስ ዜሮ ሲሆን ምን አለ? ኢንተርሴፕትን «መነሻ» ብሎ ስለ ማስተማር

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ሰሞኑን የፈተና ወረቀት ሳርም ያጋጠመኝ ነገር እስከ ዛሬ ሳስተምርበት የቆየሁትን አንድ ቃል፣ ማለትም ኢንተርሴፕትን (ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ ያለውን ዋጋ) የምጠራበትን «መነሻ»፣ እንድጠራጠር ስላደረገኝ ሐሳባችሁን ለመጠየቅ መጥቻለሁ።

ጥያቄው ስለ መስመራዊ ዝምድና ነበር። አንድ አውቶቡስ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና ይሄዳል። ከተነሣ በኋላ ያለፈውን ሰዓት ኤክስ፣ አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር ዋይ ብንለው፣ ዝምድናው ዋይ = 130 + 45 ኤክስ ይሆናል። «130 ምንን ያሳያል?» ብዬ ጠየቅሁ። ስሌቱን ያልሠራ ተማሪ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ትርጉሙን የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ «ኢንተርሴፕት ነው» ብለው አለፉ። ሌሎች «መስመሩ የዋይን አክሲስ የሚቆርጥበት ነጥብ ነው» አሉ፤ ይህም ትክክል ቢሆንም ስለ አውቶቡሱ አንዳች ነገር አይናገርም። «አውቶቡሱ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዟል» ያሉም ነበሩ።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «መነሻው ነው» ብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ተማሪ ነው። በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ የአየር ሙቀት ከቦታ ከፍታ ጋር ያለውን ዝምድና ሙቀት = 31.5 − 6.5 ከፍታ ብዬ ሰጥቼ ነበር፤ ከፍታው የሚለካው በሺህ ሜትር ነው። 31.5 ምን እንደ ሆነ ስጠይቅ፣ ያው ተማሪ በሙሉ እምነት «የሙቀቱ መነሻ ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የሚነሣ ነገር የለም። ሙቀት ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን አይጓዝም። ልጁን እንዲህ እንዲያስብ ያደረግሁት ግን እኔው ነኝ፤ ኢንተርሴፕትን «መነሻ» እያልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝና። እናንተስ ይህን ቃል እንዴት ታስረዳላችሁ? ከአካባቢያችን ኑሮ የወጣ ምሳሌ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የፊዚክስ መምህር፣ ሸዋ ሮቢት

መምህር፣ ጥያቄዎ የእኔም ጥያቄ ስለ ነበር በደስታ እመልሳለሁ። የሙቀቱን ምሳሌ በጥቂቱ ላስፋፋው፤ ለሰሜን ሸዋ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ወደ እኛ የወረደ ሰው ሁሉ፣ ደብረ ሲና ላይ ኮቱን አውልቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጥላ እንደሚፈልግ በሰውነቱ ያውቀዋል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን በ2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዓመቱን አማካይ ሙቀት ለምሳሌ ያህል 13 ዲግሪ ብንወስድ፣ በ2.84 እና በ6.5 ብዜት የተገኘውን 18.5 ስንጨምርበት የእርስዎን 31.5 እናገኛለን። ቁጥሩ የሚለው «ይህ መስመር ሳይታጠፍ እስከ ባሕር ወለል ከፍታ ቢወርድ፣ በዚያ የሚጠበቀው ሙቀት 31.5 ዲግሪ ነው» ነው። በእኛ ከተማ ከፍታ፣ ማለትም በ1,280 ሜትር ገደማ፣ ከ23 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል ይላል፤ ይህም ለእኛ እንግዳ ቁጥር አይደለም።

እዚህ ላይ ተማሪ «ባሕር የለንም፤ ታዲያ ዜሮ ከፍታ ምን ያደርግልናል?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሀገራችን ከባሕር ወለል በታች የሆነ መሬትም አላት። በአፋር የሚገኘው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። መስመራችን ለዚያ ቦታ 32 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ ዳሎልን ለገመተ መስመር ይህ ትንሽ ስሕተት ነው እላለሁ። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ኢንተርሴፕቱ ከለካነው ርቆ ቢገኝም ትርጉም አለው።

ሌላውን አክሲስ የሚቆርጥበትም ነጥብ ሊነገር ይገባዋል። ሙቀቱ ዜሮ የሚሆነው 31.5 ለ6.5 ሲካፈል፣ በ4,850 ሜትር ገደማ ነው። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ በኢትዮጵያ ምድር የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ ዜሮ የሚሆን ቦታ የለም ማለት ነው፤ በራስ ዳሸን ላይ በረዶ ቢጥልም ዓመቱን ሙሉ የማይቆየው ለምን እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የእህል ነጋዴ፣ አረርቲ

እኔ ትምህርቴን የጨረስኩት ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ቢሆንም የምታወሩትን ነገር በየቀኑ በእጄ ስለምይዘው ዝም ማለት አልቻልኩም። ምንጃር የጤፍ፣ የሽምብራና የምስር አገር ነው፤ ሥራችን ሚዛን ነው።

ጆንያ ጭኖ የሚመዘን እህል ሚዛኑ ላይ የሚያሳየው ቁጥር የእህሉ ክብደትና የጆንያው ክብደት ድምር ነው። እህሉ ዜሮ ቢሆን እንኳን ሚዛኑ የጆንያውን ክብደት ያሳያል፤ ኢንተርሴፕት ማለት ይህ ከሆነ በደንብ ገብቶኛል። ሚዛኑ ራሱ ባዶውን ሆኖ ዜሮ ላይ የማይቆም ከሆነ ደግሞ ያ ስሕተት በእያንዳንዱ ምዘና ላይ እኩል ይጨመራል። ይህን የሚፈትሽ ሰው ሁለት የታወቁ ክብደቶች ይበቁታል። 20 ኪሎውን 20.8፣ 40 ኪሎውን 40.8 ካነበበ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ልክ 20 ስለ ሆነ ሚዛኑ ጤነኛ ነው፤ የተዛባው ዜሮው ብቻ ነው። 20.8 እና 41.6 ካነበበ ግን ዜሮው ትክክል ነው፤ የታመመው ሚዛኑ ራሱ ነው።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። ዜሮው በ1 ኪሎ የተዛባ ሚዛን 100 ኪሎ ከሚሸጥ ገበሬ ላይ ከመቶ አንድ ይወስዳል፤ 5 ኪሎ ይዛ ከመጣች እናት ላይ ግን ከመቶ ሃያ ይወስዳል። ይህ ስሕተት ጉዳቱ በትንሹ ሰው ላይ ይከብዳል። ተማሪዎቻችሁ ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነጋዴው ወንድማችን ምሳሌ ለሠላሳ ደቂቃ ትምህርት ይበቃል፤ ስሎፕ (ኤክስ በአንድ ሲጨምር ዋይ የሚለወጥበት መጠን) እና ኢንተርሴፕት ሁለት የተለያዩ ስሕተቶችን እንደሚሸከሙ ከዚህ ይበልጥ በግልጽ የተነገረበት ቦታ አላስታውስም።

እስከዚያው እኔም የአውቶቡሱን ጥያቄ እንደገና ስመረምር አንድ ነገር አስተዋልኩ። አውቶቡሱ የሚነሣው ጠዋት በ2 ሰዓት ነው እንበል። ኤክስን «ከተነሣ በኋላ ያለፈ ሰዓት» ማለታችንን ትተን የእጅ ሰዓታችን የሚያሳየውን ሰዓት ብናደርገው፣ ዝምድናው ዋይ = 40 + 45 ኤክስ ይሆናል። 40 የተገኘው ከ130 ላይ የሁለት ሰዓት ጉዞ የሆነውን 90 ቀንሰን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ያው መነሻ ሰዓት 8 ስለ ሆነ፣ ከ130 ላይ 360 ሲቀነስ ዋይ = −230 + 45 ኤክስ ይሆናል።

አውቶቡሱ አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ፍጥነቱም አንድ ሆኖ ሳለ ኢንተርሴፕቱ ሦስት ሆነ፤ 130፣ 40 እና −230። በ45 ላይ ግን ምንም ለውጥ አልመጣም። ሁለተኛው መስመር እንደሚለው ከሆነ አውቶቡሱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ሰንዳፋ አካባቢ ነበረ፤ እውነቱ ግን በዚያ ሰዓት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ከአዲስ አበባ ወዲያ ማዶ 230 ኪሎ ሜትር ላይ ያስቀምጠዋል። ስሌቱ ሁሉ ትክክል ነው፤ ትርጉም ያለው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዜሮው በእርግጥ ጉዞው የጀመረበት ቅጽበት ነው።

እንግዲህ ስሎፕ የነገሩ ጠባይ ነው፤ ኢንተርሴፕት ግን ዜሮን የት እንዳስቀመጥን የሚመሰክር ቁጥር ነው። «መነሻ» የሚለው ቃል የሚያገለግለው ዜሮውን በእውነተኛ መነሻ ላይ ስናስቀምጠው ብቻ መሆኑ አሁን ግልጽ ሆኖልኛል።

የባሕረ ሐሳብ ተማሪ፣ አንኮበር

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተከታትያለሁ፤ ከአባቶቻችን ትምህርት አንድ ነገር እንድጨምር ፍቀዱልኝ። በባሕረ ሐሳብ የማንኛውንም ዓመት በዓላትና አጽዋማት ለማውጣት መጀመሪያ ዓመተ ዓለም ይፈለጋል፤ እርሱም ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 በመጨመር ይገኛል። ይህ በእናንተ አነጋገር ስሎፑ 1፣ ኢንተርሴፕቱ 5500 የሆነ መስመራዊ ዝምድና ነው። 5500 ደግሞ ባዶ ቁጥር አይደለም፤ በትውፊታችን ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት ያለፈው ዘመን፣ ዓመተ ፍዳ የሚባለው ነው። ዓመተ ምሕረት ዜሮ በሆነበት ቦታ ላይ ዓለም ያሳለፈችው ዕድሜ ማለት ነው።

ለምሳሌ ለ2017 ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚያ 1 ተቀንሶ ወንበሩ (በ19 ዓመቱ ዙር የተፈጸሙት ዓመታት ቁጥር) 11 ይሆናል።

እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ያችን የምትቀነስ 1 ነው። ዓመት ስንቆጥር የመጀመሪያውን ዓመት «1» እንላለን፤ ያለፈው ዘመን ግን ገና ዜሮ ነው። ወንበር የሚቆጥረው የተፈጸመውን እንጂ የተጀመረውን ስላልሆነ አንዱ ይቀነሳል። ሕፃን በተወለደበት ቀን «አንደኛ ዓመቱን ያዘ» ቢባል ዕድሜው ግን ዜሮ እንደ ሆነ ሁሉ ማለት ነው። ስለዚህ ኢንተርሴፕት አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ከአቆጣጠራችን ነው፤ ከአንድ የጀመረና ከዜሮ የጀመረ ሰው አንዱን ነገር ሲቆጥሩ ሁልጊዜ በአንድ ይለያያሉ።

የግብርና ባለሙያ፣ እነዋሪ

እኔ ደግሞ ከማሳ ላምጣ። በጅሩ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ ስንዘራ የማዳበሪያውን መጠን በኪሎ ኤክስ፣ ከአንድ ሄክታር የሚገኘውን ምርት በኩንታል ዋይ ብለን፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ ዋይ = 12 + 0.08 ኤክስ የሚል መስመር አገኘን እንበል። 12 ኩንታሉ ማዳበሪያ ሳይነካው መሬቱ በራሱ የሚሰጠው ነው። ለገበሬ ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው፤ በውስጡ የአፈሩ ተፈጥሯዊ ለምነት፣ ካለፈው ዓመት የተረፈው፣ አምና ባቄላ ተዘርቶ ከነበረም ባቄላው ለአፈሩ የተወለት ነገር ሁሉ አለ። ማዳበሪያው ያስገኘውን ለማወቅ ከጠቅላላው ምርት ላይ ይህ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ መሬቱ የሠራውን ሁሉ ለከረጢቱ እንሰጠዋለን።

ነገር ግን ሙከራው የተደረገው በ50፣ በ100 እና በ150 ኪሎ ላይ ብቻ ከሆነ፣ 12ን ያየው ሰው የለም፤ መስመሩ ወደ ኋላ ተስቦ የተገኘ ግምት ነው። ግምቱም በአንድ በኩል ብቻ ይሳሳታል። ማዳበሪያ ሲጨመር ምርት መጀመሪያ ፈጥኖ ያድግና ቀስ በቀስ ይለዝባል። ከለዘበው በኩል የተነሣ መስመር ወደ ዜሮ ሲሳብ ከእውነተኛው ኩርባ በላይ ያርፋል፤ መሬቱ ካለው በላይ ለም መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው በሙከራ ማሳ ላይ ምንም ማዳበሪያ የማይጨመርበት አንድ መደብ ሁልጊዜ የሚተወው። ብዙ ገበሬዎች «ይህችን ለምን ታስርቧታላችሁ?» ብለው ይጠይቁናል። ያቺ የተራበች መደብ ኢንተርሴፕቱን በግምት ሳይሆን በዓይን የምናይባት ናት።

በበግም እንዲሁ ነው። የመንዝ በግ ግልገል ሲወለድ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ቢመዝን ነው። ከሦስት ወር እስከ ስድስት ወር ያሉ ግልገሎችን ብቻ መዝኖ ዋይ = 6.1 + 0.05 ኤክስ ያወጣ ሰው፣ ኤክስ ዕድሜ በቀን ከሆነ፣ 6.1 ኪሎ የሚመዝን አዲስ ግልገል አለ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ግልገል በመንዝ አልተወለደም። ጡት እስኪጥል ድረስ በፍጥነት ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ ይዘገያል። ሰውየው የለካው የዘገየውን ዘመን ብቻ ነው።

ወላጅ፣ መሐል ሜዳ

ልጄ ይህን ትምህርት እየተማረች ስለ ሆነ እኔም ከእርሷ ጋር እያነበብኩ ነው። በእድራችን ሲገቡ 500 ብር መመዝገቢያ ይከፈላል፤ ከዚያ በየወሩ 50 ብር ነው። 500ው ኢንተርሴፕት መሆኑን ነግራኛለች፤ ገብቶኛል። ግን መልመጃው «የኤክስን አክሲስ የሚቆርጥበትንም ተርጉሙ» ስላላት ሠርታ −10 አገኘች። እድር ከመግባታችን 10 ወር በፊት ምን ሆነ ብለን ብናስብ መልስ አጣን። ስሕተቱ የት ላይ ነው?

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

እናቴ፣ ስሕተት የለም፤ ልጅዎ በትክክል ሠርታለች። «ነጥቡ አለ፣ ትርጉም ግን የለውም፤ ከመመዝገብ በፊት ክፍያ ስለሌለ መስመሩ የሚጀምረው ከዜሮ ወር ነው» ብላ ብትጽፍ ሙሉ መልስ ነው። እንዲህ ብሎ መጻፍ ራሱ መተርጎም መሆኑን ይንገሩልኝ።

የኤክሱ ነጥብ ዋና መልስ የሚሆንበትን ምሳሌም አብራችሁ ሥሩ። ቤታችሁ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሞልቶ ቢኖርና ቤተሰቡ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም፣ የቀረው ውኃ 2,000 − 80 ኤክስ ነው። 2,000 ሙሉ ሮቶ ነው፤ የኤክሱን አክሲስ የሚቆርጥበት 25 ደግሞ ውኃው የሚያልቅበት ቀን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ከ2,000ው ይልቅ 25ቱ ያሳስበዋል። ከ25ኛው ቀን በኋላ መስመሩ ወደ ታች ይቀጥላል፤ ሮቶው ግን ከባዶ በታች አይወርድም።

የስታቲስቲክስ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

የግብርና ባለሙያው ያነሡት ነጥብ በእኛ የትምህርት ክፍል በየጊዜው የሚያከራክር ስለ ሆነ ሁለት ነገር ልጨምር።

የመጀመሪያው፣ መስመሩ በእርግጥ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳን ከመረጃው የራቀ ኢንተርሴፕት እምነት የማይጣልበት የሚሆንበት ምክንያት ነው። ግንበኛ በ1 ሜትር ርቀት በተተከሉ ሁለት ችካሎች ላይ ሲባጎ ወጥሮ ያንኑ አቅጣጫ እስከ 20 ሜትር ቢያስኬደው፣ በአንዱ ችካል ላይ የነበረች የ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ጫፉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ሆና ግድግዳውን ታጣምማለች። በእኛም ሥራ መለኪያዎቻችን የተሰበሰቡበት ቦታ ከዜሮ በራቀ መጠን የኢንተርሴፕቱ ስሕተት እንዲሁ ይሰፋል።

መፍትሔው ዜሮውን ወደ መረጃው ማምጣት ነው። በግልገሎቹ ምሳሌ ከዕድሜው ላይ የመካከሉን 135 ቀን ቀንሰን ብንጽፈው፣ መስመሩ ዋይ = 12.85 + 0.05 (ኤክስ − 135) ይሆናል። መስመሩ ያው መስመር ነው፤ አሁን ግን ኢንተርሴፕቱ «የ135 ቀን ግልገል በአማካይ 12.85 ኪሎ ይመዝናል» ይላል። ይህን ማንኛውም የመንዝ አርቢ ሰምቶ ሊያምንበት ወይም ሊከራከርበት ይችላል። መምህር በአውቶቡሱ ሰዓት ያደረጉትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ ትርጉም የሌለውን ኢንተርሴፕት ከቀመሩ መሰረዝ ተገቢ አለመሆኑ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ጥናታቸውን ሲሠሩ «6.1 ኪሎ የሚመዝን አራስ ግልገል የለም፤ ስለዚህ መስመሩ በዜሮ በኩል ይለፍ» ብለው ያስገድዱታል። እንዲህ ሲደረግ መስመሩ ከመረጃው ጋር ለመስማማት ስሎፑን ያጣምማል፤ ዜሮ ላይ ያለውን የማይታይ ስሕተት ለማረም ሲባል የሚታየውና የሚፈለገው የዕድገት መጠን ይበላሻል። አራስ ግልገልም ቢሆን ዜሮ ኪሎ አይመዝንም። ኢንተርሴፕቱ ሊተረጎም ባይችልም መስመሩን በትክክለኛ ቦታው ደግፎ ይይዛል።

የፊዚክስ መምህር፣ ሸዋ ሮቢት

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ከለካኸው ውጪ ያለውን አትመን» የሚለው ምክር ሕግ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ ማንም ባልደረሰበት ቦታ ላይ ያለ ኢንተርሴፕት ታላቅ እውነት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለና።

ግፊቱ ሳይለወጥ የቀዘቀዘ ጋዝ በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ በዜሮ ዲግሪ ከነበረው ይዘት 1/273 ያህል ይቀንሳል። በትምህርት ቤት የምንለካው ከሚቀልጥ በረዶ እስከሚፈላ ውኃ ባለው ርቀት ብቻ ነው፤ ውኃ በ300 ሜትር ከፍታ በ1 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ስለሚፈላ በደብረ ብርሃን እስከ 90.5 ዲግሪ ገደማ ብቻ። ሆኖም መስመሩን ወደ ግራ ስንስበው፣ ጋዙ ምንም ይሁን ምን፣ የሙቀቱን አክሲስ −273 አካባቢ ይቆርጠዋል። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 ዜሮው እዚያ ላይ የተቀመጠ የሙቀት መለኪያ ሐሳብ አቀረበ። እውነተኛ ጋዝ እዚያ ሳይደርስ ፈሳሽ ይሆናል፤ ይዘቱም ዜሮ አይሆንም። ይሁን እንጂ ነጥቡ እውነት ነበር።

ልዩነቱ፣ በግልገሎቹ ዘንድ አንድ መስመር ብቻ መኖሩ ነው፤ በጋዞች ዘንድ ግን የተለያዩ ስሎፕ ያላቸው ብዙ መስመሮች ሁሉም ወደ አንድ ነጥብ ያመለክታሉ። ያን የሚያህል ምስክር ሲገኝ ወደ ሩቁ ነጥብ መመልከት ይገባል።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ከዚህ ውይይት በኋላ በክፍል ውስጥ «መነሻ» የሚለውን ቃል አልሰረዝኩትም፤ በእድርና በሮቶ ጥያቄ ላይ የሚገባ ቃል ነውና። ለኢንተርሴፕት መጠሪያ ግን «ዜሮ ላይ ያለው ዋጋ» ማለት ጀምሬያለሁ። ይረዝማል፤ ሆኖም ተማሪው ወዲያው «የምን ዜሮ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል፤ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

የአውቶቡሱን ጥያቄ በእጅ ሰዓቱ አቆጣጠር፣ ማለትም በ40 + 45 ኤክስ፣ አድርጌ ከትናንት በስቲያ እንደገና ሰጠሁ። የመነሻውን ሰዓትም ጻፍኩ። ከፊሎቹ አሁንም «አውቶቡሱ ከ40 ኪሎ ሜትር ተነሣ» አሉ። አንዲት ተማሪ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ኤክስ ዜሮ ማለት ንጋት 12 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡሱ መናኸሪያ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት 130 ነው እንጂ 40 አይደለም። ቀመሩ የሚሠራው ከ2 ሰዓት ጀምሮ ነው።» ከዚያም በግራፉ ላይ ከዜሮ እስከ 2 ሰዓት ያለውን የመስመሩን ክፍል በነጠብጣብ አድርጋ ሣለችው፤ በ130 ላይ ደግሞ እስከ 2 ሰዓት ድረስ የሚሄድ ጋዳሚ መስመር ጨመረች። ይህን ሥዕል ማንም አላስተማራትም።

የእነዋሪው ባለሙያ፣ የማሳውን ሙከራ ሰንጠረዥ ምንም ማዳበሪያ ካላየችው መደብ ጋር ቢልኩልኝ ለሚቀጥለው ምዕራፍ እጠቀምበታለሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያቺን መደብ ሳያዩ ኢንተርሴፕቱን ይገምቱ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እገልጥላቸዋለሁ።

የግብርና ባለሙያ፣ እነዋሪ

በደስታ እልካለሁ። የሦስት ዓመት መረጃ ስላለን የዝናብ እጥረት የነበረበትንም ዓመት ጨምሬበታለሁ፤ በዚያ ዓመት የተራበችው መደብና ማዳበሪያ የጠገበችው መደብ ያላቸው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ተማሪዎቹ ለምን ስሎፑ እንደ ወረደ ጭምር ይጠይቁበት።